ተራ ጠባቂው ምን አገኘ?

ባለፈው ወር በመኝታ ክፍላችን አንድ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 በመዋጮ ተገዛ። ሂሳቡ ሲታይ የተረፈው ገንዘብ ለሦስት ዲስክ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ መሣሪያውን ስንገዛ ያልተጣላን ሰዎች በሦስት ዲስክ ተጣላን። ሁለት ሌሊት ሙሉ ክርክር ሆነ፤ ፈተና መድረሱን የረሳም አልጠፋ። በሦስተኛው ቀን ምርጫው ለእኛ ለአራታችን ተሰጠ። ያልነበሩንን ዲስኮች ከየጓደኛው ተውሰን ሞከርን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ገንዘባቸውን አምነው ለሰጡን ጓደኞቻችን መልስ እንዲሆን፣ በየሕንጻው እንዲህ ያለ መዋጮ ለጀመሩትም እንዲጠቅም ብለን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛናችንን እናሳይ። የውጭ አገር ሐያስያን ጨዋታ ሲመዝኑ ሥዕሉ ማማሩን፣ ድምፁ መጥራቱን፣ ስንት ሰዓት ማጫወቱን አይተው ከዐሥር ይህን ያህል ብለው ቁጥር ይሰጣሉ። ይህ ሚዛን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ መሣሪያው፣ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። እኛ ግን ጨዋታን ያወቅነው በየሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ነው። ለዐሥር ልጅ ሁለት ጆይስቲክ፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ሁለቱ ሲጫወቱ ስምንቱ ያያሉ፤ ስለዚህ የልጅነታችን አብዛኛው ጨዋታ ማየት ነበር። ዛሬም በመኝታ ክፍላችን ያለው ያው ነው፤ አግዳሚው ብቻ አልጋ ሆነ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ተራ የሚጠብቀው ምን ያገኛል? የተጫወተውስ ሲነሣ ምን ይዞ ይነሣል? ሚዛናችን ጉድለት የለበትም አንልም። በዚያ አግዳሚ ላይ እኅቶቻችን አልነበሩም፤ የነበሩበትን ሚዛን ብናነብ ምናልባት ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። በሴቶች ሕንጻም መዋጮ ተጀምሯል ሲባል ሰምተናልና ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ከእግር ኳሱ እንጀምር፤ ካልጀመርን የሚያነበን የለም።

የመጀመሪያው ፊፋ የወጣው በ1993 ነው (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲህ ዓመት ዘልሎ አያውቅም። በ2022 የወጣው የፊፋን ስም የያዘ የመጨረሻው ሆነ፤ ሠሪው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ጋር የነበረው ውል ስላበቃ ከ2023 ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» እያለ ይሸጠዋል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም። ልማዱን ለማወቅ የሚሻ ከ2019 እስከ 2022 ለኒንተንዶ ስዊች የወጡትን አራት እትሞች ይመልከት። «ሌጋሲ» የሚል ስም ወጥቶላቸው፣ ማልያውና የተጫዋቾቹ ዝርዝር ታድሶ፣ ጨዋታው ግን እንዳለ ሆኖ በየዓመቱ እንደ አዲስ ለገበያ ቀረቡ። ኩባንያው ይህን ደብቆ እንኳ አላደረገውም። ያንኑ ካፖርት ቁልፉን እየለወጡ አራት ጊዜ መሸጥ ማለት ይህ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን በሳቅ ባለፍነው ነበር። በዚህ ጨዋታ ውስጥ «አልቲሜት ቲም» የሚባል ክፍል አለ። ተጫዋቹ የራሱን ቡድን የሚያቋቁመው እሽግ ካርድ እየከፈተ ነው፤ እሽጉን በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ ውስጡ ምባፔ ይኑር ወይስ ስሙን የማናውቀው ተከላካይ ሳይከፈት አይታወቅም። የቤልጂግ የቁማር ተቆጣጣሪ ይህን የመሰለው ሽያጭ ሕገ ወጥ ቁማር ነው ሲል በ2018 ወሰነ፤ ኩባንያውም በ2019 መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር የእሽግ መግዣ ነጥብ መሸጡን አቆመ። በሆላንድ ደግሞ የ10 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ተጥሎበት ነበር፤ ሆኖም በ2022 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ቁማር አይደለም ብሎ ቅጣቱን ሻረው። እንግዲህ ዳኞቹ ራሳቸው አልተስማሙም። እኛ ዳኞች አይደለንም፤ ግን ቶምቦላን ቶምቦላ ለማለት የሕግ ፋኩልቲ መግባት አያስፈልግም። በየመንገዱ የውርርድ ቤት በተከፈተበት በዚህ ጊዜ፣ ከጓደኞቻችን የወር ገንዘቡን በአንድ ቅዳሜ እዚያ ያስረከበ እንዳለ እያወቅን፣ ያንኑ ልማድ በመዋጮ ገዝተን ወደ መኝታ ክፍላችን አናስገባም።

ታዲያ ፊፋን እንጣለው? እዚህ ላይ ሚዛናችን ያስቸግረናል። በአግዳሚ ላይ እግር ኳስን የሚያህል ጨዋታ የለምና። አንዱ ግጥሚያ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ተራ ጠባቂው አሠልጣኝ ነው፣ ዳኛ ነው፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን በመጀመሪያው ሳምንት ስም ሳንጠያየቅ የተዋወቅነው በዚህ ጨዋታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ውሳኔያችን ይህ ነው፤ በ2023 የወጣው «ኤፍሲ 24» ያገለገለ ዲስክ ይገዛል፤ የአዲሱ ዋጋ አይከፈልም፤ አልቲሜት ቲም በዚህ መሣሪያ ላይ አይከፈትም። ቡድኔ የሸጠው ተጫዋች አሁንም በማልያችን ይታያል የሚል ካለ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ በጨዋታ እንኳ መልሰህ አገኘኸው።

ታላላቅ ወንድሞቻችን ዊኒንግ ኢለቨን የሚሉት የኮናሚ ጨዋታ ሌላ ታሪክ አለው። በ2006 የወጣው ስድስተኛው «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» የክለቦችን ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላነሰው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ» ይል ነበር፤ ኳሱ ግን ኳስ ነበር፤ የአድሪያኖን የግራ እግር የቀመሰ በረኛ ያውቀዋል። ይኸው ኩባንያ በ2021 «ኢፉትቦል» ብሎ በነጻ ያቀረበው ጨዋታ የተጫዋቾቹ ፊት እስኪጣመም ድረስ የተበላሸ ሆኖ ስለ ወጣ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ነጻ ስለሆነ መዋጮ አይነካም፤ የሚወድ ይጫነው። አብዛኛው ክፍሉ ኢንተርኔት እንደሚፈልግና የግቢያችን ኢንተርኔት ደግሞ እንዴት እንደሆነ ግን አንባቢ ያውቃል።

ስለ «ተከን 7» ብዙ አንከራከርም። አባት ልጁን ከገደል ወርውሮ፣ ልጁም ተመልሶ አባቱን ሲያሳድድ የሚኖርበት ታሪክ ነው፤ ታሪኩን ማንም አይከታተልም። ዙሩ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ተራ ቶሎ ይደርሳል። ቁልፉን ሁሉ በጭፍን የሚወቅጥ ጀማሪ አንድ ወር የተለማመደውን አንዳንዴ ይጥለዋል፤ ይህም በእኛ ዘንድ ጉድለት ሳይሆን ፍትሕ ነው። ይገዛል።

አሁን ወደ አጣላን ጨዋታ እንምጣ። ከመካከላችን በ2004 የወጣውን «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» የማያውቅ የለም። ታንክ የሚያወርደውን የቁልፍ ቅደም ተከተል በደብተራችን ጀርባ ጽፈን በቃላችን ያጠናን ልጆች ነን፤ የኬሚስትሪ ቀመር እንዲያ ብናጠና ኖሮ! ዳሩ ግን ታንኩ ታሪኩን ሸፈነብን። የእናቱን ሞት ሰምቶ ወደ ሰፈሩ የተመለሰውን ሲጄን ገና ከአውሮፕላን ወርዶ ሳይጨርስ የሚይዙት ፖሊሶች ናቸው፤ ያልሠራውን ግድያ ሊያሸክሙት እየዛቱ እንደ አሽከር ይልኩታል። በመጨረሻም ዋናው ፖሊስ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ሲለቀቅ ከተማው በሁከት ይነዳል፤ ይህም በ1992 በሎስ አንጀለስ የሆነውን ያስታውሳል። ይህን መጨረሻ በፕሌይስቴሽን ቤት ያየ ሰው አላገኘንም፤ በሰዓት እየከፈለ ታሪክ የሚጨርስ ማን ነው? በ2021 ታድሶ የወጣው እትም ደግሞ ሠሪው ራሱ ይቅርታ እስኪጠይቅ የተበላሸ ስለነበረ ሊገዛ አይገባም።

አምስተኛው ጂቲኤ በ2013 ወጥቶ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ከተማው ግሩም ነው፤ ሠሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን በአንድ ቦታ ላይ የመንግሥት ሰላዮች አንድ ሰው አስረው ያመጡና ተጫዋቹ የማሰቃያውን መሣሪያ መርጦ፣ ጥርስ በጉጠት እየነቀለ፣ ያናግረው ዘንድ ይገደዳል። ደራሲዎቹ መንግሥታቸውን ለመውቀስ ነው ያደረግነው ይሉ ይሆናል። እኛ ያየነው ግን በአግዳሚው ላይ ነው። ከስምንቱ ስድስቱ ሳቁ። ሁለቱ ዝም አሉ፤ አንደኛው ወጥቶ ሄደ። ለምን እንደ ወጣ አልጠየቅነውም።

«ጨዋታ ነው እኮ» የሚለውን መልስ ሰምተናል። ይህ መልስ ለታንኩ ይሠራል። ለ2019ኙ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» ግን አይሠራም። በዚያ ጨዋታ ውስጥ «የሞት መንገድ» የተባለ ስፍራ አለ፤ የደበደቡት ሩሲያኖች ናቸው ይባላል። በዚህ ስም በእውነት የሚታወቀው መንገድ ከኩዌት ወደ ባስራ የሚወስደው ሲሆን በ1991 በአውሮፕላን የደበደበው በአሜሪካ የሚመራው ኃይል ነበር። ስሙን ወስዶ ደብዳቢውን መለወጥ ጨዋታ ሳይሆን ታሪክ ማጭበርበር ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ ያልገለጠ ልጅ ደግሞ ያችን ብቻ ይዞ ይነሣል።

በ2009 የወጣው የካፕኮም «ሬዚደንት ኢቭል 5» ከዚህ የባሰ ነው። ቦታው ኪጁጁ የተባለ፣ በካርታ ላይ የሌለ የአፍሪካ ግዛት ነው። ጀግናው አሜሪካዊ መጥቶ በበሽታ ያበዱትን ጥቁሮች በየመንደሩ ይረሽናል፤ ወደ ኋላ ደግሞ የሣር ግልድም የታጠቁና ጦር የያዙ ይመጡበታል። ገና ማስታወቂያው በ2007 ሲታይ ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። ጓዱ አፍሪካዊት ናት መባሉ ነገሩን አላቀናውም። የሚያሳዝነው ግን ይህ ጨዋታ በአንድ ስክሪን ለሁለት ሰው ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ከሚጥሙት አንዱ መሆኑ ነው። አንዱ ለሌላው ጥይት ያቀብላል፣ የወደቀውን ያነሣል። እኛም ሦስት ሌሊት ተጫውተነዋል፤ በሦስተኛው ሌሊት አንዱ ጓደኛችን «የምንተኩሰው እኮ አጎቴን በሚመስል ሰው ላይ ነው» አለ፤ ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ ነገር ከዓይናችን አልጠፋም። አይገዛም።

ስለ አገራችን የተነሣ እንደሆነ «ሲቪላይዜሽን 6»ን ያቀረቡ ጓደኞች ነበሩ። በ2020 በተጨመረው ክፍል ኢትዮጵያ ገብታለች፤ መሪዋ ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ የኦሮሞ ፈረሰኛና ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማዋ ከእምነቱ ዕውቀትን ያገኛል። ይህን ያሰበ ሰው ስለ እኛ አንድ ነገር አንብቧል፤ ደስ ብሎናል። በጨዋታው ኢጣሊያ የለችም፤ ሮማ ግን ስላለች ዐድዋን ከትራጃን ጋር መዋጋት ይቻላል። ነገር ግን አንዱ ጨዋታ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ከአግዳሚው ሁሉም ተኝቶ ንጉሠ ነገሥቱ ብቻቸውን ሲያስተዳድሩ ያድራሉ። የኢትዮጵያም ክፍል ለብቻው ስለሚሸጥ፣ ለገዛ አገራችን ሁለተኛ ዋጋ መክፈል ሆነብን። በዕረፍት ጊዜ፣ ብቻውን ለሆነ ሰው፣ መልካም ነው።

ሦስተኛው ምርጫችን ብዙዎችን ያስገርማል። «ሻዶ ኦፍ ዘ ኮሎሰስ» በጃፓናዊው ፉሚቶ ኡዌዳ መሪነት ተሠርቶ በ2005 ወጣ፤ ለፕሌይስቴሽን 4 በ2018 እንደ አዲስ ተሠርቷል። የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድ በፈረስ ጭኖ ወደ ተከለከለ ምድር ይመጣል፤ ድምፅ ዐሥራ ስድስት ግዙፋንን ብትገድል ትነሣልሃለች ይለዋል። ከዐሥራ ስድስቱ በቀር ይህ ነው የሚባል ጠላት የለም፤ ሰፊው ሜዳ ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለአግዳሚ ማቅረብ እብደት ይመስላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ግዙፉ ሕንጻ የሚያህል ነው፤ ልጁ የእጁ ጉልበት ሳያልቅ በጠጉሩ ተንጠልጥሎ መውጣት አለበት። አግዳሚው በሙሉ ዓይን ሆነ። «በክርኑ በኩል!» «ቆይ፣ ይንቀጠቀጣል፣ አጥብቀህ ያዝ!» ተራ ጠባቂ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሁላችንም እየወጣን ነበር። የመጀመሪያው ሲወድቅ ጎረቤት ክፍል ግድግዳ እስኪደበድብ ጮኽን። ሙዚቃው ግን የድል አልነበረም፤ የለቅሶ ነበር። እየቆየ ጩኸቱ ቀነሰ። ዐሥራ ሦስተኛው በአሸዋ ላይ የሚበር ረጅም ፍጥረት ነው፤ ምንም ቢያደርጉት አይዋጋም፤ ብቻ ይበራል። ጆይስቲኩን የያዘው ጓደኛችን ክንፉ ላይ ሲደርስ ከአልጋው ጫፍ አንዱ «ተወው እባክህ» አለ። ያ ሰው በጂቲኤው ጊዜ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ነው። መተው ግን በጨዋታው አይቻልም፤ ወይ ይገድሉታል ወይ መሣሪያውን ያጠፋሉ። እኛ አጠፋነው፤ በማግስቱ ግን ከፈትነውና ገደልነው። መጨረሻውን ላልተጫወቱት ስንል አንናገርም። ይገዛል።

ከአራታችን አንዱ በዚህ አልተስማማም። ለጂቲኤ 5 ድምፁን የሰጠበት ምክንያት ይጻፍልኝ ስላለ እንጽፋለን፤ «ከመዋጮው የእኔም ድርሻ አለበት፤ የማትወዱት ቦታ ሲደርስ ዝለሉት» ብሏል። ክርክሩ አልተዘጋም፤ መልስ ያለው በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ይጨምር።

ሂሳቡ በር ላይ ተለጥፏል። ከሦስቱ ዲስኮች የተረፈው ለሁለተኛው ጆይስቲክ ጥገና ወጥቷል፤ የግራ መንጃው አሁንም ብቻውን ወደ ግራ ይሄዳልና በእርሱ ተሸንፎ የተነሣ ሰው ለጊዜው አይከፍልም።