ማዮርካ ስትሄዱ ከኤንሳይማዳው በፊት

ስለ ስፔኗ ደሴት ስለ ማዮርካ ጣፋጭ የሚያወራ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው በኤንሳይማዳ፣ በተጠማዘዘው ጣፋጭ ዳቦ ነው። የጉዞ ወኪሉም፣ የሆቴሉ አስተናጋጅም፣ ለሽርሽር ደርሶ የመጣ ዘመድም ያው ናቸው። የፓልማ አውሮፕላን ማረፊያ ስትገቡ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የካርቶን ሳጥን በሲባጎ አስሮ ያንጠለጠለ መንገደኛ ወዲያ ወዲህ ሲል ታያላችሁ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ኤንሳይማዳው ነው። ምን እንደሚገባበት ግን ለእኛ ሰው የሚነግረው የለም። ሳልሸፋፍን ልናገረው፦ የአሳማ ስብ ነው። ለወጉ ያህል የተቀባም አይደለም፤ ዳቦው ስሙን ያገኘው ከዚያው ስብ ነው።

እኔ ኬክ ጋጋሪ ነኝ። እህቴ ባርሴሎና ስለምትኖር፣ እሷን ልጠይቅ ስሄድ ማታ ከባርሴሎና ተነስቶ ጠዋት ፓልማ በሚደርሰው መርከብ ወደ ደሴቲቱ ተሻገርን። እህቴና ባሏ ካቴድራሉን ሊያዩ ሲሄዱ እኔ አንድ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ጋጋሪው ጠረጴዛውን ዘይት ቀባና ሊጡን ከሥሩ ያለው እብነ በረድ እስኪታይ ድረስ በእጁ ጀርባ እየሳበ አሳሳው። ስቡን በመዳፉ ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ከዚያ እንደ ገመድ አቅጥኖ ጠቀለለውና ጥቂት አሳርፎ ጠመዘዘው። የገረመኝ አጠማዘዙ ነው። በዙሮቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ ሊጡ ሲነፋ ያንን ክፍተት ራሱ ይሞላዋል። አጥብቆ ቢጠመዝዘው መሃሉ ሳይበስል ይቀራል። «ኤንሳይማዳ ዴ ማዮርካ» የሚለው ስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ በዚህ ስም የሚሸጠው ቢያንስ 12 ሰዓት መቡካት፣ ሁለት ዙር ወይም ከዚያ በላይ መጠምዘዝ አለበት። በሙያው ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ አልቀመስኩትም። የእህቴ ባል ካታላን ነውና የእኔንም ድርሻ እሱ ጨረሰው።

ስቡ ለምን በዛ ቢባል ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድሮ የደሴቲቱ ገበሬ ቅቤ እንደ ልቡ አያገኝም ነበር፤ አሳማ ግን በየቤቱ ነበረ። በክረምት ይታረድና ስቡ ቀልጦ በማሰሮ ለዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ ጣፋጩ ሁሉ በእሱ ተሠራ። በፋሲካ የሚጋገረው በከዋክብትና በልብ ቅርጽ የሚቆረጠው ብስኩት፣ ክረስፔል፣ ስቡ አለበት። ማርማላታ ወይም ለጋ አይብ ተሞልቶ የሚታጠፈው ሮቢዮልም እንዲሁ። የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው ሾፓን በ1838 ክረምቱን ሊያሳልፍ የመጣባት ቫልዴሞሳ በድንች በምትሠራው ለስላሳ ዳቦ ትታወቃለች፤ እሱም ውስጥ ስቡ አይጠፋም። (ጎብኚው ሁሉ ለፒያኖው ይሰለፋል፤ እኔ ለድንቹ ነው የተሰለፍኩት፣ ጠይቄም ባዶ እጄን ወጣሁ።) ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስ ወይም ቤተ እስራኤል የሆነ አንባቢ ይህን ሳያውቅ «የግድ ቅመሱ» የሚል ዝርዝር ይዞ ቢሄድ፣ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ነው የሚወቀሰው።

እኔ ዝርዝር ጻፊ ብባል የምጀምረው በአልሞንድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የአሮን በትር አፈራችው የተባለው ለውዝ ማለቴ ነው፤ እዚህ ቆልተን የምንበላው ኦቾሎኒ አይደለም። ጋቶ የሚሉት ኬካቸው ዱቄት የለውም፤ ቅቤም፣ ስብም የለውም። የተፈጨ አልሞንድ፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ የሎሚ ልጣጭና ቀረፋ ብቻ። የሚያነሳው በደንብ የተመታው የእንቁላሉ ነጭ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር አልገባበትም። ሲቆረጥ ትንሽ ይፈረፈራል፣ አፍ ውስጥ ግን እርጥብ ነው። ከላይ ስኳር ይነሰነስበትና ከጎኑ የአልሞንድ አይስክሬም ይመጣል።

የኔ ነገር ያለው እዚያ አይስክሬም ላይ ነው። በጥንቱ አሠራር ወተት የለበትም። አልሞንዱ ተፈጭቶ በውሃ ይታሻል፣ በስኳር፣ በቀረፋና በሎሚ ልጣጭ ይጣፈጣል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በጾም ሱፍ አፍልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አሽቶ ያጠለለ ሰው ሥራውን ገና ሳይነገረው ያውቀዋል። አፍ ላይ ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ሰው የፋብሪካ አይስክሬም ያበላሸው ነው። ማቀዝቀዣ ሳይኖር በረዶው ከየት መጣ? ከደሴቲቱ የትራሙንታና ተራሮች ነው። በረዶ ጠባቂዎቹ በክረምት በረዶውን በድንጋይ በተገነባ ጉድጓድ ውስጥ በእግራቸው እየረገጡ ይጠቀጥቁትና በሣር ይሸፍኑታል። በበጋ እንዳይቀልጥ በሌሊት በበቅሎ ወደ ፓልማ ያወርዱታል። የበረዶ ፋብሪካ ሲመጣ ሥራው ቀረ፤ ጉድጓዶቹ ግን ዛሬም ተራራው ላይ አሉ። ፓልማ ውስጥ ካን ጆአን ደ ሳይጎ የሚባለው ቤት ከ1700 ጀምሮ እንዳለ በራሱ ሰሌዳ ላይ ጽፏል። ጋቶውንም አይስክሬሙንም አንድ ላይ ያቀርባሉ። ወረፋ አለ፤ ይጠበቃል።

አሁን ሌላ ቅሬታ ላንሳ። ደሴቲቱ ላይ የአልሞንድ ዛፍ የበዛው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ የወይኑን ተክል ሲጨርሰው ነው። ገበሬው ወይኑን ነቅሎ አልሞንድ ተከለ። አሁን ተራው የአልሞንዱ ሆኗል። በ2016 ዚሌላ የሚባለው ባክቴሪያ በደሴቲቱ ተገኘ፤ ከሥር ወደ ላይ የሚሄደውን ውሃ እየዘጋ ዛፉን ቆሞ ያደርቀዋል፣ መድኃኒትም የለውም። በመንገድ ዳር ቅርንጫፉ ያመዳቸው ዛፎች አየሁ። ርካሹ የካሊፎርኒያ አልሞንድ ደግሞ ገበያውን ይዞታል። የማዮርካ አልሞንድም እንደ ኤንሳይማዳው በሕግ የተጠበቀ ስም አለው፤ ሆኖም ስንቱ ጎብኚ ነው «ይህ ከዚህ የበቀለ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው? ከረጢቱ ላይ ስሙን አይቶ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ የሚገዛ ሰው ለዛፉ ይጠቅመዋል። በየካቲት አበባውን ፎቶ አንስቶ መሄድ ለገበሬው ምንም አይፈይድለትም።

ሌላም አለ። ጥቅምት 20 ቀን በፈረንጆቹ፣ በደናግል በዓል ዋዜማ፣ ጎረምሶች በየልጃገረዱ ደጅ ሄደው ይዘፍናሉ፤ ልጃገረዶቹ ደግሞ መሃሉ የተቀደደ፣ ከድንች ወይም ከስኳር ድንች ሊጥ የተጠበሰ ቡንዮል ያበሏቸዋል። የሚጠበስበትን ጠይቁ፤ ዘይት ከሆነ ትኩሱን ብሉ።

ለዚህ ሁሉ ሁለት ቃል ይበቃችኋል። «ማንቴካ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ለጾመኛ ደግሞ «ሌቼ?»፣ ወተት። አንዳንዱ ቤት አይስክሬሙ ላይ ወተት መጨመር ጀምሯል፣ ስለዚህ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ጋቶው እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም። ኤንሳይማዳ የሚበላ ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ ጠዋት ይግዛና በዚያው ቀን ይብላው፤ ካደረ ይደርቃል።