ሥልጣን የሌለው ተሳትፎ

አሳታፊ የሕንፃ ዕቅድ የሚባለው በሕንፃው የሚኖሩ፣ የሚሠሩ ወይም የሚማሩ ሰዎች ንድፉ ሲወጣ ድርሻ የሚያገኙበት አሠራር ነው። ይህ ሥራ እየዋለ እያደረ ወደ ኮምፒውተር ተዛውሯል። ተጠቃሚው የሕንፃውን ሞዴል በስክሪን ያያል፣ ክፍሎችን ያዘዋውራል፣ አስተያየቱን እዚያው ይጽፋል። ከዚህም የተነሳ ሶፍትዌሩ ነዋሪውን የንድፉ ባለቤት እንዳደረገው ይታመናል። እምነቱ የተሳሳተ ነው። ሶፍትዌር ሐሳብን ለመግለጽ ያግዛል እንጂ የመወሰን ሥልጣን አይሰጥም፤ ሥልጣኑ መሬቱንና ገንዘቡን በያዘው አካል እጅ ነው።

አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል አሳይተዋል። ማሳወቅ ሦስተኛው፣ ማማከር አራተኛው እርከን ነው፤ ሥልጣን ወደ ዜጋው መሻገር የሚጀምረው ከስድስተኛው ነው። አስተያየት ተቀብሎ ምን እንደተደረገበት የማይመልስ ሶፍትዌር፣ ሞዴሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከአራተኛው እርከን አያልፍም። የተሰበሰቡት አስተያየቶች ብዛት በሪፖርት ሲሰፍር ደግሞ ነዋሪው ያልወሰነው ነገር በስሙ ይጸድቃል።

በመስኩ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ድርጅት ዩኤን-ሃቢታት እ.ኤ.አ. በ2012 ከማይንክራፍት ጨዋታ ሠሪው ከሞጃንግ ጋር የጀመረው «ብሎክ ባይ ብሎክ» የተባለ ፕሮግራም ነው። በናይሮቢው ኪቤራና በሌሎች ከተሞች ሰፈሮች ነዋሪዎች በቡድን ኮምፒውተር ከበው የሕዝብ መገልገያ ቦታዎችን ነድፈዋል። ፕላን ማንበብ የማይችል ወይም በስብሰባ መናገር የሚከብደው ሰው ያሰበውን ማሳየት መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ የጨዋታው መደበኛ የመገንቢያ ብሎክ በየጎኑ አንድ ሜትር ሲሆን፣ ቦታን ምቹ ወይም አስቸጋሪ የሚያደርገው ልኬት በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። የበሩ ስፋት 70 ወይም 90 ሴንቲሜትር መሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰው ያስገባዋል ወይም ያስቀረዋል። የፍሳሽ መስመር፣ የጥገና ወጪና የመሬት ይዞታም በብሎክ አይታዩም። ነዋሪው ስለ መልኩ ሲጠየቅ፣ ኑሮውን የሚነካው ውሳኔ ሌላ ቦታ ይወሰናል።

ጥሩ ተሳትፎ ያለ ኮምፒውተርም ተሠርቷል። በእንግሊዝ ኒውካስል የባይከር ሰፈር እንደ አዲስ ሲገነባ አርክቴክቱ ራልፍ ኧርስኪን ቢሯቸውን እዚያው ሰፈር፣ ቀድሞ የቀብር አስፈጻሚ ሱቅ በነበረ ቤት ከፈቱ፤ ነዋሪው እየገባ ይጠይቅ ነበር። በቅድሚያ 46 ቤቶች ተሠርተው ከገቡባቸው ቤተሰቦች የተገኘው ትምህርት ለቀጣዩ ንድፍ ዋለ። ያም ሆኖ ማፍረሱ ግንባታውን እየቀደመ ስለሄደ አብዛኞቹ ነባር ነዋሪዎች በአዲሱ ሰፈር አልኖሩም። የማፍረሱን ቅደም ተከተል የወሰነው አስተዳደሩ ነበርና የቢሮው በር ክፍት መሆኑ ይህን ሊያስቀር አልቻለም።

ነዋሪው ከውሳኔ የመራቁ ችግር በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቤቱ በዕጣ ስለሚተላለፍና ዕጣው ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ስለሚወጣ ንድፉ ሲዘጋጅ ነዋሪው አይታወቅም። እንጀራ የት ይጋገራል፣ ልብስ የት ይሰጣል፣ ለሐዘን ድንኳን የት ይተከላል የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልሰው ሰው ገና አልተለየም። ተመዝግበው የሚቆጥቡት ግን ለዓመታት ይታወቃሉ። ከእነሱ መካከል ተወካዮች ተመርጠው በንድፍ ዝግጅቱ ድምፅ ቢኖራቸው ጥያቄዎቹ በጊዜ ይመለሱ ነበር። ይህን የሚከለክል የቴክኒክ እጥረት የለም፤ የጎደለው ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የተሳትፎ ሶፍትዌር ከመገዛቱ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ መታወቅ አለባቸው፦ ነዋሪው በየትኞቹ ጉዳዮች እንደሚወስን፣ በጀቱና የክፍሎቹ ብዛት ከመቆረጣቸው በፊት መቼ እንደሚጠራ፣ ሐሳቡ ውድቅ ሲሆን ምክንያቱን ማን እንደሚያስረዳው። ስክሪንና ኢንተርኔት ለሌለው ደግሞ እኩል ክብደት ያለው ሌላ መንገድ መዘጋጀት አለበት። እነዚህ ከተሟሉ ሶፍትዌሩ ሥራውን ያቀላጥፋል። ካልተሟሉ ግን አስቀድሞ ያለቀ ውሳኔን የነዋሪው ፈቃድ አስመስሎ ያቀርባል፤ ይህም ነዋሪውን ጭራሹን ካለመጠየቅ የባሰ በደል ነው።