ስለ ራስ ፍልጠትና ስለ ማደንዘዣው መርፌ

ከቤተ ሰባችን መካከል ራሱን በአንድ ወገን የሚፈልጠው፥ ብርሃንና ድምፅ የሚያስጨንቀው፥ የሚያስመልሰውም ሰው ቢኖር ሕመሙን እንደ ስንፍና አንቍጠርበት። ሐኪሞች ሚግሬን የሚሉት ይህ የራስ ፍልጠት እውነተኛ ደዌ ነው።

በገላን ፋብሪካ የሚውል ሠራተኛ ሥራው እንዳይጓደልበት በየዕለቱ ክኒን እየዋጠ ሊታገሠው ይሞክር ይሆናል። ነገር ግን ተራውን ማስታገሻ እንኳ በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያም በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ የራስ ምታት ያመጣል።

ክኒኑ አልረዳ ብሎ በሽተኛው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፥ የሠለጠነ ሐኪም ሊያደርግለት የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከማጅራት በላይ ከቆዳ ሥር በሚያልፈው ነርቭ ዙሪያ እንደ ሊዶኬይን ያለ ማደንዘዣ መውጋት ነው። የዚህ ነርቭና የፊት ነርቭ ስሜት በአንገት ላይኛው ክፍል ስለሚገናኝ፥ ኋለኛው ሲደነዝዝ የግንባርና የዓይን ዙሪያ ሕመም ሊበርድ ይችላል። መርፌው ወደ አንጎል አይገባም፤ በሽተኛውንም አያስተኛውም። የአሜሪካ የራስ ሕመም ማኅበር በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን ሕክምና በድንገተኛ ክፍል ለአዋቂዎች ከሚቀድሙት መካከል አስቀምጦታል።

ሕመሙ ግን እንደ መብረቅ በድንገት ቢጀምር፥ ትኵሳትና የአንገት መገተር ቢከተለው፥ ወይም አንደበት ቢተሳሰር፥ እጅና እግር ቢዝል፥ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። ስለዚህ ጸሎቱንና ጠበሉን ሳንተው፥ የታመመውን ወንድማችንን ወደ ሐኪም እናድርሰው።