ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ወረት ነው ወይስ እውነተኛ ለውጥ?



በአገልጋዮች መካከል ለዓመታት ያላለቀ አንድ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ወረት ናቸው ይላል። ካሴት መጥቶ ሄደ፣ ሲዲ መጥቶ ሄደ፣ ይህም ይሄዳል፤ ወጣቱ ሲበርድለት ይመለሳል ባይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ይህ የዘመናችን በዓለ ኀምሳ ነው፤ ከእንግዲህ አዳራሽ መሥራትና ወንጌላዊ መላክ ያለፈበት ነገር ነው፤ በአንድ ስልክ አገር ይወረሳል ይላል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። ስሕተታቸውም በክርክር ብቻ የሚቀር አይደለም። ዋጋውን የሚከፍሉት በሩቅ ያሉ ታናናሽ ጉባኤዎች ናቸው። የማገለግለው ላሊበላና ላስታ ደጋ ላይ ስለሆነ ይህን ዋጋ ከቅርብ አየዋለሁ።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2004 የቴክኖሎጂ መጻሕፍት አሳታሚው ቲም ኦራይሊና ባልደረቦቹ «ዌብ 2.0» የሚል ስም ይዘው ብቅ አሉ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ቀድሞ ኢንተርኔት ጥቂቶች ጽፈው ብዙዎች የሚያነቡት ሰሌዳ ነበር፤ አሁን ግን አንባቢው ራሱ ጸሐፊ፣ ተመልካቹ ራሱ አሳታሚ ሆኗል። በ2006 ታይም መጽሔት «የዓመቱ ሰው» ብሎ የመረጠው አንድ መሪን ሳይሆን በኢንተርኔት የሚሳተፈውን ተራ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ግን ድሩን የፈለሰፈው ቲም በርነርስ ሊ ስሙን ትርጉሙ የማይታወቅ የባለሙያ ቃል ነው ብሎ አጣጣለው። ድሩ ከመጀመሪያውም ሰውን ከሰው ለማገናኘት ተሠርቶ ሳለ ምኑ ነው አዲስ የሆነው? የሚል ነበር ሙግቱ።

ለእኛ ለአገልጋዮች ስሙ አያስጨንቀንም። ልንጠይቅ የሚገባን በሰው ሕይወት ላይ በእርግጥ የተለወጠው ምንድን ነው? ያልተለወጠውስ? የሚለውን ነው።

ወረት ነው ለምትሉ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በአማራ ክልል ፕሮቴስታንቶች ከመቶ 0.2 ነበሩ። ከሺህ ሰው ሁለት ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አገር ስለ ወንጌል ጥያቄ ያደረበት ሰው ማንን ይጠይቅ? ቀን ወደ እኛ ቢመጣ ሳይመሽ ወሬው ቤተሰቡ ዘንድ ይደርሳል። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ስብከት ይሰማል፤ በቴሌግራም ጥያቄውን ጽፎ መልስ ያገኛል። ኒቆዲሞስ በሌሊት ወደ ጌታ ለመምጣት ቢያንስ ከቤቱ መውጣት ነበረበት። የላስታው ኒቆዲሞስ ከአልጋው ሳይነሣ ይሰማል። ይህን ወረት ነው የሚል ሰው የተጠማ ሰው አላየም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወረት ብቻ የሆነን ነገር መንግሥት አይዘጋም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሲኖዶስ ውዝግብ በተነሣ ጊዜ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘጉ። እገዳው የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ ቪፒኤን እየጫነ ነበር የሚጠቀመው። መዘጋቱን ደገፍንም ተቃወምንም፣ የዘጋው አካልም ሆነ በጓሮ በር የገባው ሕዝብ ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም።

ሦስተኛው ማስረጃ ደም ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ደጃፋቸው ላይ በጥይት ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቷቸውን እየለጠፈ የሚወነጅላቸው ጽሑፍ በፌስቡክ ተሰራጭቶ ነበር። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ጽሑፉ እንዲነሣ ደጋግሞ አመልክቶ በጊዜው ምላሽ እንዳላገኘም በክሱ ገለጸ። በ2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። የመጨረሻውን ፍርድ ፍርድ ቤቱ ይስጥ። እኛ ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 3 ምላስን ጫካ ከምታነድ ትንሽ እሳት ጋር ሲያመሳስላት ያየነውን ነው የተናገረው። ክብሪቱ አሁን በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ነው።

ወረት ነው የሚለው ቃል ለምን እንደሚወደድ ልንገራችሁ። ከተጠያቂነት ያስመልጣል። ጉባኤ መካከል ቆሞ የጎረቤቱን እምነት ቢሳደብ ሽማግሌዎች የሚጠሩት ወንድም፣ ያንኑ ስድብ ቲክቶክ ላይ ሲያወርደው «እሱ እኮ ሶሻል ሚዲያ ላይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለመሆኑ ያ ቃል አይደለም? ጌታ በማቴዎስ 12 ስለ ከንቱ ነገር ሁሉ መልስ እንደምንሰጥ ሲያስተምር በስልክ የተነገረውን ነጥሎ አላወጣውም።

ዋጋውን ማን እንደሚከፍልም አስቡ። ድሮ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ጠማማ ቃል ደሴ ሳይደርስ ይሞት ነበር። ዛሬ ተናጋሪው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ስለ ታቦትና ስለ ቅዱሳን የተሳለቀው ቃል በማግሥቱ ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ይወራል። ጎረቤቲቱ ስልኳን ትዘረጋና «እትዬ፣ ይሄ የእናንተ ሰባኪ አይደለም እንዴ? ስሚው እስቲ» ትላለች። ተናጋሪው ላይክ ቆጥሮ ተኝቷል። እህታችን ግን በማግሥቱ ከዚያችው ጎረቤቷ ጋር ውኃ ትቀዳለች፣ እድር ትቀመጣለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ለዓመታት በትሕትናዋ የገነባችው ምስክርነት በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይፈርሳል። በእኛም ላይ እንዲሁ ከሌላው ወገን ስድብ እንደሚዘንብ አውቃለሁ። የእነርሱ ስድብ ግን ለእኛ ፈቃድ አይሆንም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገራችን ሰው፤ የዛሬው አፋፍ ደግሞ ወሰን የለውም።

ተአምር ነው ለምትሉ

አሁን ወደ ሌሎቹ ወንድሞቼ ልዙር። እናንተ «የዲጂታል ቤተ ክርስቲያን» ዘመን መጣ ትላላችሁ። እኛ ጋ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚቀር አይተናል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ጠፉ፤ ከተማይቱም እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። ብዙም ሳይቆይ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። በእነዚያ ጊዜያት ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው የስብከት ቻናል ለላስታ ሰው የለም ማለት ነበር። በዩቲዩብ ብቻ «ቤተ ክርስቲያን ይሄድ» የነበረ ሰው ቤተ ክርስቲያን አልባ ሆነ። የቀሩት ከፊታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አብረው የጸለዩ፣ የታመመ የጠየቁ፣ አስከሬን የተሸከሙ ናቸው የቀሩት። ዱቄት ሲያልቅ ዱቄት ያበደረንም፣ ወንድሞቻችን በኮሜንት የሚጣሉት ኦርቶዶክሳዊው ጎረቤታችን ነበር። ይህን አትርሱ።

ለኢትዮጵያ ወንጌላውያን ይህ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የተቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ። ድምፁ ከኢትዮጵያ አልፎ በአፍሪካና በእስያ ይሰማ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ መሣሪያ ማን ነበረው? በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ግን ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ በዚያው ማሰራጫም የአብዮቱ ድምፅ ተላለፈበት። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ተዘጉ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የዚያች ቤተ ክርስቲያን አባላት ብዙ እጥፍ ሆነው ተገኙ። ሬዲዮ አልነበራቸውም፣ አዳራሽ አልነበራቸውም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር። ሬዲዮው ከንቱ ነበር አልልም፤ ብዙ ዘር ዘርቷል። ቤተ ክርስቲያንን በመከራ ያሻገራት ግን በእጅ የሚዳሰሰው ኅብረት ነው።

ሐዋርያው ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ ቁጥር 12 ላይ የሚጽፈው ብዙ ነገር እንዳለውና ወረቀትም ቀለምም እንደነበረው ይናገራል። ሆኖም ፊት ለፊት ተገናኝቶ መነጋገርን መረጠ፤ ደስታ ፍጹም የሚሆነው በዚያ መሆኑን ያውቅ ነበርና። ጳውሎስ የዘመኑን መንገድና መርከብ ተጠቅሞ መልእክት ላከ፤ መልእክቶቹ ግን እንደ ፌቤንና አፍሮዲጡ ባሉ፣ ሰው አቅፎ ሰላም በሚል ሰው እጅ ነበር የሚጓዙት።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ መድረኮች የተሠሩት ነፍሳችንን ለመጠበቅ አይደለም። ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ የሚታየው ሰው ስልኩ ላይ ሲቆይ ነው፤ ሰውን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱና ዋናው ደግሞ ንዴት ነው። ስለዚህ በእርጋታ ሮሜን የሚያስተምር መምህር መቶ ተመልካች ሲያገኝ፣ ሌላ አገልጋይን ስም ጠርቶ የሚዘልፈው አሥር ሺህ ያገኛል። በላይቭ ስጦታ እየለመነ «ትንቢት» የሚያዘንበው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ብዛቱን አይታችሁ መንፈስ ቅዱስ ሠራ አትበሉ። የአቴና ሰዎችም በሐዋርያት ሥራ 17 እንደምናነበው አዲስ ነገር ከማውራትና ከመስማት በቀር ለሌላ ነገር ጊዜ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ሁሉ ሰሚ ግን ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የተለወጠው የምላስ ርዝመት ነው። ያልተለወጠው የእጅ ሥራ ነው። አንድ ቃል ዛሬ በቅጽበት ከአዲስ አበባ ላስታ ይደርሳል፤ የታመመን ሰው ግን ዛሬም ሄዶ ካልጠየቁት አልተጠየቀም። ክርክሩን እዚህ ላይ ካቆምን ሥራችን ግልጽ ይሆናል።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ አባሎቻችሁ በስልክ የሚናገሩትን በመድረክ እንደተነገረ ቁጠሩት። የሚሳደበውን ጥሩ፣ ምከሩ፣ አልሰማ ካለም አገልግሎቱን አስቁሙት። «የግል ገጹ ነው» አትበሉ፤ ገጹ የግሉ ቢሆን የሚሰደበው ስም የሁላችን ነው።

በኢንተርኔት የምታስተምሩ ወገኖች፣ ከመናገራችሁ በፊት አንዲት የላሊበላ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ከፊታችሁ እንደተቀመጠች አስቡ። እምነታችሁን ግለጹ፤ ልዩነቱንም አትደብቁ። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 ስለ ተስፋችን መልስ እንድንሰጥ ሲያዝዘን በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን አብሮ አዟል። ግማሹን ትእዛዝ ብቻ መፈጸም አይቻልም። ከሩቅ አገር ጥያቄ የጻፈላችሁ ሰው ካለም ተከታይ አድርጋችሁ አትተዉት። በአቅራቢያው የታመነ አማኝ ፈልጉለት፤ ማንነቱንም ሳይፈቅድ ለማንም አትስጡ፤ ችግር ላይ ትጥሉት ይሆናል።

ምእመናን ሆይ፣ ኔትወርክ ነገም ሊጠፋ ይችላል። የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ በቤታችሁ ይኑር። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰብን እንዳንተው ያሳስበናል፤ ሦስትም አራትም ብትሆኑ በቤት ተሰብሰቡ። ከጎረቤታችሁም ጋር በሰላም ኑሩ።

አንተም በሌሊት ተደብቀህ የምትሰማ፣ አንቺም ጥያቄሽን ለማን እንደምትነግሪ ያልገባሽ፣ የሰማችሁት ቃል በስልክ ስለመጣ አልተናነሰም። ጌታ ወደ ቤታችሁ የሚገባበት መንገድ አያጣም። ነገር ግን ሰሚ ሆናችሁ ብቻ እንድትቀሩ አይፈልግም። ኒቆዲሞስ በሌሊት ጀመረ፤ ጌታ በተሰቀለ ቀን ግን ከርቤና እሬት ይዞ በግልጥ መጣ፣ ከአርማትያሱ ዮሴፍም ጋር ሥጋውን በእጁ ገነዘ። ጊዜያችሁን ጌታ ያውቃል። እስከዚያ ድረስ ግን አብሯችሁ የሚጸልይ አንድ ሰው ለምኑ፤ እርሱም ይሰጣችኋል።

ምላሳችንን ይግዛልን፣ እጃችንን ለሥራ ይዘርጋልን። አሜን።