ሁለት ዲስክ ሁለት ቅጂ አይደለም

ከቤት ራውተር ጋር ተገናኝቶ የቤተሰቡን ፎቶ፣ ቪዲዮና ሰነድ የሚይዝ፣ ማታ ደግሞ ፊልሙን ወደ ቴሌቪዥን የሚልክ ሳጥን አለ። ባለሙያዎች «ናስ» ይሉታል። ውስጡ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ የሚገባበት፣ ስክሪንና ኪቦርድ የሌለው፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ይህን ዕቃ ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ሲኖሎጂ የተባለውን አምራች ከኪውናፕ፣ ባለሁለት ዲስኩን ከባለአራቱ፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ከሌለው ጋር በማነጻጸር ነው። ንጽጽሩ ከንቱ አይደለም፤ ገንዘቡ በሙሉ እዚያ ካለቀ ግን የተገዛው ደህና የፊልም ማጫወቻ ነው፣ መጠባበቂያው ገና አልተገዛም። በእኔ እምነት ለሳጥኑ ከተመደበው ገንዘብ ተቀንሶ ከቤት ውጭ ለሚቀመጥ አንድ ተጨማሪ ዲስክ መዋል አለበት። ለዚህ ሲባል ሳጥኑ ከርካሾቹ ወገን ቢሆን የሚጎዳው ነገር ትንሽ ነው።

ሳጥኑ የሚሠራቸው ሁለት ሥራዎች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፊልም ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ እየተቆራረጠ ቢመጣ ሰው ይበሳጫል፣ በዚያው ይረሳል። የልጅ ክርስትና ቪዲዮ፣ ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ የሠርግ ፊልም፣ የሟች አያት ድምፅ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው። ፊልም ማየት የሚፈልገው ፍጥነትን ነው። መጠባበቂያ የሚፈልገው ስንት ቅጂ እንዳለና ቅጂዎቹ ምን ያህል ተራርቀው እንደተቀመጡ ማወቅን ነው። ሻጭ ሁለቱን በአንድ ካርቶን አሽጎ ስለሚያቀርብ ገዢው ለፍጥነት በከፈለ ቁጥር ጥበቃውም አብሮ ያደገ ይመስለዋል። ይህን እምነት ከምንም በላይ የሚያጸናው «ሬይድ» የሚባለው አሠራር ነው። በባለሁለት ዲስክ ሳጥን ላይ በብዛት የሚመረጠው ዓይነት አንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈውን በዚያችው ቅጽበት ሌላው ላይ ይደግማል፤ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ዲስኮች ተገዝተው ጥቅም ላይ የሚውለው 4 ቴራባይት ብቻ ነው። አንዱ ሲሞት ሳጥኑ በሌላው ይቀጥላል። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን ሐሳብ ሲያቀርቡ የተነሡበት ጥያቄ ትልቅና ውድ ዲስክን በብዙ ርካሽ ዲስኮች መተካትና አንዱ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ማድረግ ነበር። ከሌባ፣ ከእሳት ወይም በስሕተት ከመሰረዝ ያድናል አላሉም። የሚደግም መሣሪያ ክፉውንም ደጉንም ሳይለይ ይደግማል፤ ልጅ ሳያውቅ የሰረዘው ፎልደር ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይጠፋል። የቤት ካርታን ከፎቶኮፒው ጋር በአንድ መሳቢያ ማስቀመጥ ማለት ነው።

የዲስክ ሞት ራሱ የሚያሰጋውን ያህል ያሰጋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮች ያሉት የአሜሪካው የመረጃ ማከማቻ ኩባንያ ባክብሌዝ ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2023 የተበላሹት 1.4 በመቶ አካባቢ ነበሩ። ይህ ግን ሙቀቱን በሚቆጣጠሩት፣ መብራት በማይቆራረጥበት አዳራሽ የተገኘ ቁጥር ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቢብስ አይገርምም። ሬይድ መልስ የሚሰጠው ለዚህ አንድ አደጋ ነው፣ ሌሎቹን አያውቃቸውም። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ የተባለ የቤት ማስቀመጫ የነበራቸው ሰዎች በኢንተርኔት በኩል በገባ ጥቃት ሳጥናቸው ባዶ ሆኖ አገኙት፤ መሣሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ እንዲሆን ታዞ ነበር። የመጨረሻው የሶፍትዌር ማሻሻያ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በጥቃቱ ከተመቱት መካከል ባለሁለት ዲስኩ ሞዴልም ነበረበት፣ ሁለተኛው ዲስክ ከዚህ አላስጣለም። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር የኪውናፕ ሳጥኖችን ፋይል ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ርቀትን በተመለከተ ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል የሆነውን ማየት ይበቃል። ዋናው ፋይላቸውም መጠባበቂያቸውም እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። እነዚህ ድርጅቶች ነበሩ፣ ባለሙያ ቀጥረው የሚያሠሩ።

ወደ ፊልሙ እንምጣ፤ ገንዘብ ሳያስፈልግ የሚፈስሰው እዚህ ነውና። ሻጭ ኃይለኛ ፕሮሰሰር የሚያስመርጠው «ትራንስኮዲንግ» ለሚባለው ሥራ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሊያነበው የማይችለውን የቪዲዮ ፎርማት ሳጥኑ እዚያው እየቀየረ እንዲልክለት። ሥራው በእርግጥ ከባድ ነው፣ በተለይ ፎር ኬ ሲሆን። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የተሠራ ስማርት ቲቪ ኤች 264 እና ኤች 265 የሚባሉትን ፎርማቶች ራሱ ያነባል፤ ሲያነብ የሳጥኑ ድርሻ ፋይሉን እንዳለ መላክ ብቻ ነው፣ ይህን ደግሞ ደካማ ፕሮሰሰርም ይችለዋል። የተለመደ የፉል ኤች ዲ ፊልም በሴኮንድ 10 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃዋል፤ የሳጥኑ የኬብል መስመር 1,000 ሜጋቢት ያሳልፋል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ የሚጠበው ግድግዳ አቋርጦ የሚያልፈው ዋይፋይ ላይ ነው። (ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች የኬብል መሰኪያቸው ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ለፈጣን ሳጥን የከፈለ ሰው ይህን ቀድሞ የሚነግረው አያገኝም።) ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ እንኳ ፎርማቱን የሚያነብ ትንሽ የቲቪ ቦክስ መግዛት ትልቁን ሳጥን ከመግዛት ይረክሳል። የአምራቹን የፊልም ፕሮግራም አምኖ መግዛትም አያዋጣም፤ ሲኖሎጂ ቪዲዮ ስቴሽን የተባለውን የራሱን ፕሮግራም በ2024 አቁሞታል። ጄሊፊንን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም በብዙ አምራቾች ሳጥን ላይ ስለሚጫን ሳጥን ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ለኢትዮጵያ ገዢ ይህ የገንዘብ ክፍፍል ከቅንጦት የራቀ ጉዳይ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ማንም ያውቃል፤ ባለአራት ዲስክ ሳጥንና አራት ዲስክ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ባለሁለቱን ከነዲስኮቹ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ጨምሮ ሊገዛ ይችላል። ዩፒኤሱን ከአማራጭ ዕቃ የሚቆጥሩት አሉ። አልስማማም። ሳጥኑ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ ፋይል ይበላሻል፤ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ደግሞ ሁለቱንም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል፣ ያኔ ሬይድ ስም ብቻ ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖች ከዩፒኤስ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ተገናኝተው ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሳቸውን በሥርዓት ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ይህን የሚችል ዩፒኤስ መምረጥ ነው።

«ክላውድ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ጠያቂ አለ፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ለሰነድና ለጥቂት ፎቶ ክላውድ ጥሩ ነው፤ ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬትና ካርታ ጎግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ውስጥ ተርፎት ይገባል። ለዓመታት ቪዲዮ ግን አይሆንም። ጎግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ አቁሟል፤ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትንም ሊሰርዝ እንደሚችል በደንቡ አስፍሯል። ተጨማሪ ቦታ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ በየወሩ፣ ሳይቋረጥ። ኢንተርኔቱም አለ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት እንደተቋረጠው ቢቋረጥ ክላውድ ላይ ያለው ፋይል ለባለቤቱ እንደሌለ ነው፣ የቤት ሳጥን ግን ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ በቤቱ ዋይፋይ ይሠራል። ብዙ ሰው ሳያስበው መጠባበቂያ ያደረገው ቴሌግራምም በዚሁ ይታይ፤ ፎቶ በፋይል መልክ ካልተላከ በስተቀር የሚቀመጠው ጥራቱ ተቀንሶ ነው።

ከሌላው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ ኤክስተርናል ዲስክ ይህን ያህል ከጠቀመ ሳጥኑን ትቶ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ መግዛት አይሻልም? አንድ ላፕቶፕ ያለው ብቸኛ ሰው ከሆነ አዎ፣ ይሻላል፤ ናስ አያስፈልገውም። አምስት ስልክ ያለበት ቤት ሌላ ነው። ፎቶ ከየስልኩ እየሰበሰበ የሚገለብጥ ሰው በመጀመሪያው ወር ይተጋል፣ በሦስተኛው ይሰለቻል፤ ሳጥኑ ግን እያንዳንዱ ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በተገናኘ ቁጥር አዲሱን ፎቶ ራሱ ይወስዳል። የሳጥኑ ትልቁ ጥቅም ይህ መሰብሰቡ ነው፤ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ኤክስተርናል ዲስኩ የሚገለበጠው ከአንድ ቦታ ይሆናል። በዚህ መለኪያ ሲታይ ባለሁለት ዲስኩ ርካሽ ሞዴል ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል፣ ሦስት ነገር ከተሟላለት፦ የስልክ ፎቶ የሚሰበስብ ፕሮግራም፣ የተሰረዘን ፋይል ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያወጣ «ስናፕሾት»፣ እና አሁንም በአምራቹ ማሻሻያ የሚወጣለት ሞዴል መሆኑ። ዲስኩን በስሙ ብቻ መግዛትም አደጋ አለው። በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ከሚሸጣቸው የሬድ ዲስኮች አንዳንዶቹ ኤስኤምአር በተባለው፣ ለሬይድ በማይመች አጻጻፍ የሚሠሩ መሆናቸውን ሳይገልጽ መቆየቱ ታውቆ ነበር፤ ስለዚህ ሲገዙ ዲስኩ ሌላው ዓይነት፣ ሲኤምአር መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲኖሎጂም በ2025 አዳዲሶቹን የፕላስ ሞዴሎች የራሱን ወይም እሱ የፈቀደውን ዲስክ ብቻ እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር፣ ገዢዎች ሲያጉረመርሙ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ መለሰው። ዲስክ ገበያ ገብቶ ያገኘውን ለሚገዛ አገር ይህ ዓይነቱ ገደብ ከፕሮሰሰር ፍጥነት በላይ ሊያሳስብ ይገባል።

የሦስተኛው ዲስክ ማደሪያ ሌላ ሰፈር ያለ ዘመድ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ቨርጂኒያ ወይም ቴል አቪቭ ወንድም ወይም እኅት ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሰው ሲሄድ ሊልከው ይችላል፣ እነሱም የራሳቸውን የልጆች ፎቶ በሌላ ዲስክ ሲመጡ ያመጣሉ። ዲስኩ በፓስወርድ መቆለፍ አለበት፤ ፓስወርዱንም ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል ማወቅ አለበት፣ አለዚያ የሚያውቀው ሰው ሲሞት መጠባበቂያው አብሮት ይቀበራል። በዩኤስቢ ሳጥኑ ላይ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ በራንሰምዌርም በመብራትም ከሳጥኑ እኩል ስለሚመታ ገልብጠው እንደጨረሱ መንቀል ነው። ከመላኩ በፊት ደግሞ የተወሰኑ ፋይሎችን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር ውስጥ የቶይ ስቶሪ 2 ፊልም ፋይሎች በስሕተት ሲሰረዙ መጠባበቂያው ከዚያ በፊት መሥራት አቁሞ እንደነበር የታወቀው ሊመልሱት ሲሞክሩ ነው። ፊልሙ የተረፈው ጌሊን ሱስማን የተባለች ሠራተኛ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር አብዛኛው ፋይል በቤቷ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ በመገኘቱ ነው።