ያጠረ ሽቦ፣ የረዘመ ጉዳት

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣላችሁ የፈለግሁት የእንጀራ ምጣዳችንን ጉዳይ ነው። የማድ ቤት ወሬ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት አደራ እላለሁ።

ባለፈው ክረምት የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሪዚስታንስ ተቃጥሎ ተበጠሰ። የሰፈራችን ጠጋኝ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣለና የቀረውን ሳብ አድርጎ ጫፍ ለጫፍ ገመደው። እናቴ «ይኸማ ከአዲሱም ይልቅ ቶሎ ይግላል» ብላ መረቀችው። እኔም በፊዚክስ ጥሩ ማርክ የማገኘው ልጅዋ አብሬ አመሰገንሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስፒናው ቀልጦ፣ ግድግዳው ጠቁሮ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰው አልተጎዳም።

ነገሩን ያስተዋልሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ሪዚስታንስ የኤሌክትሪኩን ጉዞ እየተቃወመ ሙቀት የሚያወጣ ሽቦ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከኒኬልና ከክሮም ቅልቅል ነው፤ ሲግል ላዩን የሚያለብሰው የክሮም ኦክሳይድ ሽፋን ውስጡን ከመቃጠል ይጠብቀዋል። ርዝመቱም በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። ይኸውም፣ 14 ኦም ያለው ሽቦ በ220 ቮልት 15.7 አምፔር ያሳልፋል፤ ኃይሉም 3,457 ዋት ገደማ ነው። ከርዝመቱ አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ ግን 19.6 አምፔር ያሳልፋል፤ ኃይሉም ወደ 4,321 ዋት ይወጣል። እናቴን ያስደሰታት ይኸው ትርፍ ሙቀት ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ስንዝር ሽቦ ከቀድሞው ሙቀት ከግማሽ በላይ ጭማሪ ይሸከማል፤ ስፒናውና የግድግዳው ገመድም ያልታሰበላቸውን ሸክም ይቀበላሉ። የተገመደው ቦታም ላልቶ ከሆነ ለብቻው ይግላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ጠጋኙን አልወቅሰውም፤ የነገረው የለም። የምወቅሰው ራሴንና መሰሎቼን ነው። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው እንደሚቀንስ ለፈተና ሸምድደን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስልተናል፤ በቤታችን ግን ሕጉ ዓይናችን ፊት ሲሠራ አላወቅነውም። ዕውቀት ከደብተር ወጥቶ ማድ ቤት ካልገባ ምን ይረባል?

ስለዚህ በበኩሌ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተቃጠለ ሪዚስታንስ ከመቀጠል ይልቅ በልኩ በሙሉ ይለወጥ። ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ከኤሌክትሪክ የተነቀለ አንድ አሮጌ ምጣድ ተከፍቶ ተማሪው ሽቦውን በእጁ ይለካ። ያን ጊዜ የተማርነው ትምህርት እናቶቻችንን ከእሳት የሚጠብቅ ይሆናል።