ስለ ነጋዴው የኪስ መዝገብና ስለ ተጓዳኝ ዕቃዎቹ

ንግድ በሁለት ነገር ይቆማል፤ በመታመንና በመዝገብ። መታመን በሰው ልብ ውስጥ የሚኖር ሲሆን መዝገብ ግን መቀመጫ ይፈልጋል። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ሒሳቡን በቃሉ ይዞ፣ ቢበዛም በአንድ ደብተር ጽፎ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይዘዋወር ነበር። የዛሬው ነጋዴ ደግሞ የደንበኞቹን ስምና ስልክ፣ የዱቤውን ዝርዝር፣ የባንኩን ቀጠሮና የዕቃውን ዋጋ ኪስ በሚገባ አንድ ትንሽ መሣሪያ ላይ ያኖራል። ይህ መሣሪያ ቀድሞ የኪስ ኮምፒውተር ይባል ነበር፤ ዛሬ ሥራው ወደ ስማርት ስልክ ተዛውሯል።

መሣሪያው በሚገዛበት ጊዜ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ነው። ዋጋው ይጠየቃል፤ የስክሪኑ ስፋትና የካሜራው ጥራት ይመዘናል፤ ወዳጅ ያማክራል፤ ክርክሩም ይረዝማል። ይሁን እንጂ ተከትለውት ስለሚመጡት ነገሮች፣ ይኸውም ስለ ቻርጀሩና ስለ ገመዱ፣ ስለ ማኅደሩና ስለ ሚሞሪ ካርዱ፣ ከሁሉም በላይ መዝገቡ ስለሚጻፍበት ሶፍትዌር የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በበቅሎ ይነግድ የነበረ ሰው ቢሆን ይህን ስሕተት ባልሠራ ነበር። በቅሎዋ ምንም ብርቱ ብትሆን ኮርቻው ካልተስማማት ጀርባዋ ይቆስላል፤ መጫኛው የሳሳ ከሆነም ጭነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በኪስ መሣሪያም ረገድ ነገሩ እንደዚሁ ነው። መሣሪያው ያልፋል፤ መዝገቡ ግን መቅረት አለበት። ስለዚህ ምርጫው ከመሣሪያው ሳይሆን ከመዝገቡ መጀመር ይገባዋል።

የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ለዚህ ዐሳብ በቂ ምስክር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። ሳይዮን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1984 ኦርጋናይዘር የተሰኘውን መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ መዝገቡ የሚቀመጠው ዳታፓክ በተባለ ተነቃይ ክፍል ላይ ነበር። በዳታፓኩ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ካልተፋቀ በቀር ቦታው እንደገና ለሥራ አይውልም፤ ለመፋቅም አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሰጥ ሌላ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ገዢው አንድ ዕቃ የገዛ መስሎት የሦስት ዕቃ ባለዕዳ ሆነ ማለት ነው።

በ1996 ፓይለት 1000 እና ፓይለት 5000 የተባሉት የፓልም መሣሪያዎች ወጡ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጄፍ ሆኪንስ የመሣሪያውን መጠን ለመወሰን ከእንጨት የተቀረጸ ምሳሌ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። የአነስተኛው ዋጋ 299 ዶላር ነበር፤ የሚሠራውም በየሱቁ በሚገኙ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ነው። መሣሪያው ገበያውን የያዘው በመልኩ ማማር አልነበረም። በመቀመጫው ላይ አኑሮ አንዲት ቍልፍ በመጫን መዝገቡ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ኮምፒውተር ይገለበጥ ስለ ነበር ነው። መሣሪያው ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር መዝገቡ ቢሮ ውስጥ ይገኛል። ይህን ያደረገው ተጓዳኙ ዕቃና ሶፍትዌሩ እንጂ የመሣሪያው ፕላስቲክ አይደለም።

ያው ኩባንያ ቆይቶ ለደንበኞቹ ሌላ ትምህርት ሰጣቸው። በ1999 የወጣው ፓልም 5 ከቀደሙት ጋር የማይስማማ መሰኪያ ነበረው። በ2001 የወጣው ኤም 500 ደግሞ ቅርጹ ፓልም 5ን እየመሰለ መሰኪያው ግን ሌላ ሆነ፤ ስለዚህም ለአንዱ የተገዛው የጽሕፈት ሰሌዳና ሞደም በሌላው ላይ አልገጥም አለ። ሃንድስፕሪንግ የተባለው ኩባንያ በ1999 ባወጣው ቫይዘር ላይ ካሜራም፣ ሞደምም፣ ስልክም የሚሰካበት አንድ ማስገቢያ አበጀ፤ ብዙ አምራቾችም ለዚያ የሚሆን ዕቃ ሠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኩባንያው ትሪዮ የተባለውን ስልክ ያለዚያ ማስገቢያ አወጣ፤ በ2003ም ራሱ ከፓልም ጋር ተዋሐደ። ሶኒም ክሊዬ የተባለውን መሣሪያ ከነልዩ ሚሞሪ ካርዱ ካስተዋወቀ በኋላ በ2005 ከዚህ ገበያ ወጣ። በመጨረሻ ፓልም ራሱ በ2010 ለኤች ፒ ተሸጠ፤ ኤች ፒም በማግስቱ ዓመት መሣሪያዎቹን መሥራት አቆመ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ለተጠቃሚው፣ ለአንድ ሞዴል ብቻ የተሠራ ተጓዳኝ ዕቃ ዕድሜው ከሞዴሉ ዕድሜ እንደማይበልጥ ያስረዳል። ለአስመጪውና ለባለሱቁ ደግሞ መደርደሪያውን በእንዲህ ያለ ዕቃ የሞላ ሰው የሌላውን ኩባንያ ውሳኔ በራሱ ገንዘብ እንደሚያስይዝ ያስታውቃል። ይህም ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። አፕል በ2012 የስልኩን መሰኪያ ለወጠ፤ በ2023 ደግሞ ወደ ዩኤስቢ ሲ ተዛወረ። የአውሮጳ ኅብረትም ከ2024 ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በአባል አገሮቹ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች በገመድ የሚሞሉ ከሆነ ዩኤስቢ ሲ እንዲኖራቸው በሕግ አዟል። ስለዚህ አስመጪ ገመድና ቻርጀር በሚያዝበት ጊዜ ለብዙዎች ወደሚሆነው ወደዚህ ዐይነት ቢያደላ ብልኅነት ነው፤ የቀድሞውንም ሽያጩ እየታየ በልክ ማምጣት ይበቃል።

ስለ ኃይል ጕዳይ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። በቀደሙት የፓልም መሣሪያዎች መዝገቡን የሚይዘው ክፍል ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ስለ ነበር፣ ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ መዝገቡም አብሮ ይጠፋ ነበር። በ2004 የወጣው ታንግስተን ቲ 5 ይህን ጕድለት አስወገደ፤ የዛሬ ስልኮችም ባትሪያቸው ቢያልቅ መዝገባቸውን አይረሱም። ሆኖም መብራት በጠፋበት ቀን የሞተ ስልክ የያዘ ነጋዴ መዝገቡ ባይጠፋም በፊቱ ለቆመው ደንበኛ መልስ የለውም። ስለዚህ ፓወር ባንክ ከቅንጦት አይቈጠርም። ዕቃ ለመግዛት በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ አያደርግም፤ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያዘውም እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚሆነው ነው። በተለመደው የ3.7 ቮልት ስሌት 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተባለው 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ከልኩ አያልፍም። በሚሞሪ ካርድ ረገድ ደግሞ በላዩ የተጻፈውን ያህል የማይዝ የተጭበረበረ ካርድ በገበያ ላይ መኖሩ የታወቀ ነው። ባለሱቅ ከጅምላ ሲረከብ ጥቂቶቹን እስኪሞሉ ጽፎባቸው መልሶ ቢያነብ ስሙን ከሐሜት፣ ደንበኛውንም ከጉዳት ያድናል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ወደ ሶፍትዌሩ እንመጣለን። በዚህ ረገድ የነጋዴው ጥያቄ ሦስት መሆን አለበት።

የመጀመሪያው፣ የገባው መዝገብ ይወጣልን? የሚል ነው። ለስምና ለስልክ ቪካርድ፣ ለቀጠሮ አይካሌንደር፣ ለሒሳብ ሰንጠረዥ ደግሞ ሲኤስቪ የተባሉት የፋይል ዐይነቶች የአንድ ኩባንያ ንብረት ያልሆኑ፣ በብዙ ፕሮግራሞች የሚነበቡ ናቸው። በእነዚህ መዝገብ የማያወጣ ፕሮግራም፣ ነጻ ቢሆንም እንኳ፣ ውድ ነው፤ ኩባንያው በተዘጋ ቀን የዱቤው ዝርዝርም አብሮ ይዘጋልና። አፕል በ2017 የስልኩን ሥርዓት ሲያድስ በአሮጌው አሠራር የተሠሩት ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ መሥራታቸውን አቁመዋል። መዝገብ በሚወጣበትም ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የስልክ ቍጥር በሒሳብ ሰንጠረዥ ሲከፈት ፕሮግራሙ እንደ ተራ ቍጥር ስለሚቈጥረው መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች፤ ስለዚህ ዓምዱ አስቀድሞ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ መታዘዝ አለበት።

ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር በትክክል ያውቃልን? የሚል ነው። መስከረም 1 ቀን አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን በሴፕቴምበር 12 ይውላል። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ልዩነቱን ንቆ የሚያልፍ ሰው ዋጋውን በባንክ መስኮት ላይ ያገኘዋል። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ፣ ዩሲፒ 600 በተባለውና ከ2007 ጁላይ 1 ጀምሮ በሚሠራበት፣ ላኪው ዋናውን የማጓጓዣ ሰነድ ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱም ሳያልፍበት፣ ለባንኩ ማቅረብ አለበት። አንድ ቡና ላኪ ዕቃው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2023 ተጭኖለት ቢሆን የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 6፣ ይኸውም መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ልዩነቱን የማያውቅ ፕሮግራም ግን መስከረም 26 ብሎ ይነግረዋል። ላኪውም በዚያ ቀን ሰነዱን ታቅፎ ቢደርስ አንድ ቀን አልፎበታል፤ ባንኩም ላለመክፈል በቂ ምክንያት አገኘ። አንድ ኮንቴይነር ቡና በአንዲት ጳጉሜን ምክንያት ገንዘቡ ይንጠለጠላል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፕሮግራሙ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 መዋላቸውን ካላሳየ ለንግድ አይሆንም። የ2020 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀንም በሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላልና ፈተናው ለታሪክ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ለሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በአገር ቤት ከጧቱ 3 ሰዓት የተባለው በመሣሪያው 9 ነውና፣ ቀጠሮ በሚመዘገብበት ጊዜ በየትኛው እንደሚጻፍ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሕግ መኖር ይገባዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የፊደል ነው። ፓልም ገበያ ላይ በነበረበት ዘመን መሣሪያው ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለ ነበር ስምን በአማርኛ መያዝ ያስቸግር ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህ ችግር እየቀለለ ሄዷል። የቀረው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው። አንዱ ጸሐፊ ደንበኛውን «ኃይሉ» ብሎ፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ቢመዘግበው ለሰው ዓይን አንድ ሰው ነው፤ ለብዙ ፕሮግራሞች ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። በአንደኛው ስም ሲፈለግ በሁለተኛው ስም የተጻፈው ዱቤ አይታይም፤ ያልታየ ዱቤም አይጠየቅም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን የስሞቹን አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ወስኖ ለሠራተኞች ሁሉ ማስታወቅ ምንም ወጪ የለውም።

በዚህ ዐሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ደብተር ባትሪ አይጠይቅ፣ መሰኪያው አይለወጥ፤ ለምን ይህ ሁሉ ድካም?» የሚሉ አረጋውያን ነጋዴዎች አሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ደብተር አንድ ብቻ ነው፤ እሳት ቢበላው ወይም ውሃ ቢገባበት ሁለተኛ የለውም። የኪስ መሣሪያ ዋና ጥቅሙ መዝገቡን በቀላሉ ማባዛቱ ነው። ሳያባዛ የሚጠቀምበት ሰው ግን የደብተሩንም ጽናት፣ የመሣሪያውንም ጥቅም አጣ። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ በሳምንት አንድ ቀን መዝገቡን ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣል፤ በወር አንድ ጊዜም የዱቤውን ዝርዝር አሳትሞ ከሰነዶቹ ጋር ያስቀምጣል። ይህን ሲያደርግ አረጋዊውንም ወጣቱንም አስታረቀ ማለት ነው።

እንግዲህ ገዢ ወደ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ነገር አጭር ነው። ዐሥር ስሞችና ዐሥር ቀጠሮዎች በመሣሪያው ላይ ይጻፍ፤ አውጥቶም በሌላ መሣሪያ ላይ ይክፈታቸው። ስሞቹ ከነፊደላቸው፣ ቀኖቹ ከነአቈጣጠራቸው፣ ስልኮቹም ከነዜሮአቸው ከደረሱ ይግዛ፤ ካልደረሱ ዋጋው ቢረክስም ይተው። ባለሱቁም ይህን ፈተና ለደንበኛው ራሱ ቢያሳየው ሽያጩ ለጊዜው ቢዘገይ ደንበኛው አይሄድበትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጤፍ ቢፈስ ግን ይለቀማል፣ የፈሰሰን መዝገብ የሚለቅም የለም።